በውድድሩ ዋዜማ የታገተው ሻምፒዮን፦ የሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ሕይወት

ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ሃቫና፣ የኩባ ዋና ከተማ። ጊዜው እሑድ ምሽት፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1958። ሊንከን በሚባል ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ራሰ በራ ጎልማሳ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ያወራል። ደልደል ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መንገድ ላይ ብታገኙት የሰፈር ባለሱቅ ነው ብላችሁ ታልፉት ነበር።

ስሙ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ይባላል። አርጀንቲናዊ ነው። የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ከተጀመረ ገና ስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ ከስምንቱ አምስቱን ዋንጫ የወሰደው እሱ ነው። በማግስቱ በሃቫና የባሕር ዳር ጎዳና ላይ ትልቅ የመኪና ውድድር አለ። ከተማው ሙሉ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ድንገት አንድ ወጣት ገባ። ሽጉጥ አወጣና ፋንጂዮን አብሮት እንዲወጣ አዘዘው። ፋንጂዮ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ አልነበረም። ውጪ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። በደቂቃዎች ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኑ ከሆቴሉ ጠፋ።

በማግስቱ ውድድሩ ላይ ሰዎች ሞቱ። የታገተው ሰውዬ ግን በሕይወት ተመለሰ።

ይህ ሰው ማን ነበር? እዚያ ጎዳና ላይስ ምን ተፈጠረ? ከመጀመሪያው እንነሳ።

የባልካርሴው መካኒክ

ፋንጂዮ የተወለደው ጁን 24 ቀን 1911 ነው። የትውልድ ከተማው ባልካርሴ ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ በድንች እርሻዋ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ነች። ቤተሰቡ ከጣሊያን የፈለሰ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። ልጆቹ ስድስት ሲሆኑ ሁዋን አራተኛው ነው።

ልጁ ኳስ ይወድ ነበር። እግሮቹ ቀጥ ያሉ ስላልነበሩ የሰፈር ጓደኞቹ ሸፋፋው የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ስሙ ተጣብቆበት ቀረ፤ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳ አርጀንቲናውያን በዚያው ስም ይጠሩት ነበር።

በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ተወና ጋራዥ ገባ። መኪናን ያወቀው ከሥሯ ተኝቶ፣ እጁ በግራሶ ተለውሶ ነው። ይሄ ነገር ኋላ በሕይወቱ ላይ ትልቅ ቦታ ነበረው። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ የሀብታም ልጆች ናቸው፤ መኪና ሲበላሽ ወርደው መካኒክ ይጠራሉ። ፋንጂዮ ግን የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ያውቃል። መኪናውን ጨምቆ አይገድላትም፤ እስከ መድረሻው መስመር ያደርሳታል።

የመጀመሪያ ውድድሩን ያደረገው በ1936፣ በ25 ዓመቱ ነው። በምን መኪና መሰላችሁ? በታክሲ! ታክሲ ሆና ስትሠራ የነበረች ፎርድ አግኝቶ ነው የተወዳደረው። አላሸነፈም፤ ግን በቃ፣ ነገሩ ደሙ ውስጥ ገባ።

በዚያን ዘመን አርጀንቲና ውስጥ የመኪና ውድድር ማለት ከከተማ ከተማ፣ ከአገር አገር በአቧራ መንገድ መሮጥ ነበር። የባልካርሴ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ለዚህ የጋራዥ ልጅ ሼቭሮሌ ገዛለት። እሱም አላሳፈራቸውም። በ1940 ከቦነስ አይረስ ተነስቶ የፔሩዋን ዋና ከተማ ሊማን ነክቶ የሚመለስ ውድድር ተዘጋጀ። ርቀቱ ወደ 9,500 ኪሎ ሜትር ነው። የአንዲስን ተራራ መውጣት አለ፣ መውረድ አለ፣ በረሃ አለ። መኪና ሲሰበር የሚጠግነው ራሱ ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ ከፈጀው ከዚያ ጉዞ አንደኛ ሆኖ የወጣው የባልካርሴው መካኒክ ነበር።

ቀጥሎ የዓለም ጦርነቱ መጣና ውድድር ተቋረጠ። ፋንጂዮ በጉብዝናው ዕድሜ ዓመታት አመለጡት። ውድድሩ ሲመለስ ደግሞ ሐዘን ይዞ መጣ። በ1948 ከቦነስ አይረስ ወደ ካራካስ በሚደረግ ረጅም ውድድር ላይ፣ ፔሩ ውስጥ፣ እሱ የሚነዳት መኪና ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ረዳቱና የቅርብ ጓደኛው ዳንኤል ኡሩቲያ ሞተ። ፋንጂዮ ተረፈ። መሪውን የያዘው እሱ ነበርና ሐዘኑ ከባድ ነበር። ውድድር የሚባል ነገር እርግፍ አድርጎ ሊተው አስቦ ነበር።

አልተወም። በዓመቱ፣ በ1949፣ የአርጀንቲና አውቶሞቢል ክለብ ወደ አውሮፓ ላከው። 38 ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬ በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ሾፌር ጡረታ ወጥቷል። እሱ ግን አውሮፓ እንደረገጠ ጣሊያን ሳን ሬሞ ላይ አሸነፈ፣ ፈረንሳይ ፖ ላይ አሸነፈ፣ ማርሴይ ላይ አሸነፈ። ያ ከየት መጣ የማይባል ሰው በአንድ የውድድር ዘመን የአውሮፓን ጋዜጣ ሞላው።

ከተማ ውስጥ መወዳደር

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ፋንጂዮ ካሸነፈባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ለውድድር ተብለው የተሠሩ ሜዳዎች አልነበሩም። የከተማ መንገዶች ናቸው። በአዘቦት ቀን አውቶቡስ የሚሄድባቸው፣ ሰው ገበያ የሚወጣባቸው መንገዶች። ለጥቂት ቀናት ይዘጉና መወዳደሪያ ይሆናሉ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ይከፈታሉ።

የከተማ ውድድር ለተመልካች ደስ ይላል፤ መኪናው አፍንጫህ ሥር ነው የሚያልፈው። ለሾፌሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በመደበኛ ሜዳ ላይ ብትሳሳት ሣር ላይ ወጥተህ ትመለሳለህ። ከተማ ውስጥ ብትሳሳት የሚጠብቅህ ግንብ ነው፣ መብራት ምሰሶ ነው፣ ዛፍ ነው፣ ወይ ባሕር ነው። ያኔ ደግሞ ዛሬ የምናየው የብረት መከላከያና የሽቦ አጥር የለም። የጭድ እስር ነበር የሚደረደረው፤ ብዙ ቦታ ላይ እሱም የለም። ሾፌሩም ቀበቶ አያስርም። በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ነው የሚነዳው። አደጋ ሲመጣ ከመኪናው ተስፈንጥሮ መውጣት ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር።

ከሁሉም የከተማ ውድድሮች ስመ ጥሩ ሞናኮ ነው። ከ1929 ጀምሮ እስካሁን አለ። በዚያች ጠባብ አገር መንገዱ ከወደቡ ተነስቶ ዳገቱን ይወጣል፣ ካዚኖው ጋ ይዞራል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ባሕሩ ዳር ይወጣል።

ሜይ 21 ቀን 1950። የፎርሙላ ዋን የመጀመሪያው ዓመት፣ ሁለተኛው ውድድር። ፋንጂዮ በአልፋ ሮሜዮ ከፊት ተነሳና መራ። ከኋላው 18 መኪና አለ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ወደቡ ዳር ባለች ታባክ በምትባል ኩርባ ላይ የባሕር ማዕበል ግንቡን ዘልሎ አስፋልቱን አርጥቦት ነበር። ፋንጂዮ አለፈ። ሁለተኛ የነበረው ፋሪና ግን ተንሸራተተና መንገዱን ዘጋው። የኋለኞቹ እየመጡ ተላተሙ። ከ19ኙ መኪኖች ግማሽ ያህሉ እዚያው ቀሩ።

ፋንጂዮ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ ከፊት ነው፤ ሬዲዮ የለም፣ የሚነግረው ሰው የለም። ዙሩን ጨርሶ በሙሉ ፍጥነት ወደዚያችው ኩርባ እየተመለሰ ነው። ኩርባዋ ዕውር ነች፤ ከጀርባዋ ያለው አይታይም።

ታዲያ ምን አዳነው? ሕዝቡ ነዋ! ፋንጂዮ ወደ ኩርባዋ ሲጠጋ ተመልካቹን ቀና ብሎ አየ። መሪው መኪና እየመጣ ነው፤ ሰው ሁሉ እሱን ማየት ነበረበት። ግን ማንም አያየውም። የሚታየው ፊት አይደለም፤ የኋላ ጭንቅላት ነው። ሁሉም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ከውድድሩ በፊት ደግሞ በ1936 ሞናኮ ላይ የደረሰ ተመሳሳይ የመኪና ክምር ፎቶ አይቶ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቱ ውስጥ ተገናኙ። ከእኔ የበለጠ የሚታይ ነገር ካለ ክፉ ነገር ነው ብሎ ጠረጠረ። ፍሬኑን ያዘ።

ኩርባዋን ሲዞር መንገዱ በብረት ተዘግቷል። ቀስ ብሎ በቀረችው ክፍተት ሾልኮ አለፈና ውድድሩን ከሁለተኛው አንድ ሙሉ ዙር ቀድሞ አሸነፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ብዙ ሰው ፋንጂዮን የሚያስታውሰው በፍጥነቱ ነው። እኛ ግን ከሁሉ በላይ የገረመን ይሄ ነው። በዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ፣ ሌላው ሾፌር አስፋልቱን ብቻ ሲያይ፣ እሱ የሰዎችን ጭንቅላት ያይ ነበር።

ዋንጫና ቀብር

በ1950 የዓለም ሻምፒዮንነቱን በሦስት ነጥብ ብቻ ለፋሪና አጣ። በ1951 ግን ወሰደ። 40 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ዓመት በሕይወቱ አንድ ትልቅ ስህተት የሠራበት ነው። ጁን 1952 ላይ ሰሜን አየርላንድ ተወዳድሮ በማግስቱ ጣሊያን ሞንዛ መድረስ ነበረበት። አውሮፕላን አመለጠው። ከፓሪስ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ መኪና እየነዳ ሞንዛ የደረሰው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ሳይተኛ መኪናው ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከመንገድ ወጣ፣ ከመኪናው ተወርውሮ ወደቀ፣ አንገቱ ተሰበረ። የዓመቱ ቀሪ ውድድር በሙሉ አለፈው። ደክሞህ አትንዳ የሚለውን ምክር የዓለም ሻምፒዮኑም በአንገቱ ነው የተማረው።

ዳነና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ለማመን ይከብዳል። 1954፣ 1955፣ 1956፣ 1957 በተከታታይ ሻምፒዮን። መኪኖቹ ደግሞ ይለያያሉ። በአልፋ ሮሜዮ፣ በመርሴዲስ፣ በፌራሪ፣ በማዜራቲ። በአራት የተለያዩ መኪና ሠሪዎች ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው እስካሁን የለም። ከጀመራቸው 51 የሻምፒዮና ውድድሮች 24ቱን አሸንፏል፤ በግምት ከሁለት አንዱን ማለት ነው።

ግን በዚያ ዘመን ከዋንጫው ጎን ሁልጊዜ ቀብር ነበር። በ1954 ጀርመን ኑርቡርግሪንግ ላይ፣ እንደ ታናሽ ወንድሙ የሚያየው አርጀንቲናዊው ኦኖፍሬ ማሪሞን በልምምድ ሰዓት ሞተ። ፋንጂዮ በማግስቱ እዚያው ተወዳድሮ አሸነፈ። የደስታ ቀን አልነበረም።

በ1955 ደግሞ የሌ ማን ነገር አለ። ሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ነው፤ የተወሰነው ክፍል የሕዝብ መንገድ ነው። ከፋንጂዮ ፊት የነበረው የመርሴዲስ ባልደረባው ፒየር ሌቬግ ፊቱ ከመጣች ሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወደ ሕዝቡ በረረ። ከ80 በላይ ሰው አለቀ። በመኪና ውድድር ታሪክ ከዚያ የከፋ የለም። ሌቬግም ሞተ። ፋንጂዮ ኋላ ሲናገር፣ ሌቬግ ከመጋጨቱ በፊት እጁን አንስቶ አስጠንቅቆታል። በዚያች ምልክት ጭስና ብረት መሃል አልፎ ተረፈ።

ኦገስት 4 ቀን 1957፣ 46 ዓመቱ ላይ፣ በብዙዎች ዘንድ የምንጊዜም ምርጥ የሚባለውን ውድድር ነዳ። ኑርቡርግሪንግ ላይ ነዳጅና ጎማ ሊቀይር ሲቆም ጊዜ ጠፋበትና ከሁለቱ እንግሊዛውያን ማይክ ሃውቶርንና ፒተር ኮሊንስ ወደ 50 ሰከንድ ኋላ ቀረ። ከዚያ የሜዳውን ክብረ ወሰን ዙር በዙር እየሰበረ መጣ። ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀር ሁለቱንም አልፎ አሸነፈ። አምስተኛ ዋንጫውን እዚያው አረጋገጠ። ያ የአምስት ዋንጫ ክብረ ወሰን እስከ 2003፣ ሚካኤል ሹማኸር ስድስተኛውን እስኪያነሳ ድረስ፣ አልተበለጠም።

ከስድስት ወር በኋላ ነው እንግዲህ ሃቫና የሄደው።

የማሌኮን ጎዳና

ኩባን ያኔ የሚገዛት አምባገነኑ ፉልጌንሲዮ ባቲስታ ነው። ተራራው ላይ የፊደል ካስትሮ አማፂዎች ይዋጋሉ። ከተማ ውስጥም የሐምሌ 26 ንቅናቄ የሚባለው ድርጅታቸው በስውር ይሠራል። ባቲስታ ደግሞ ለዓለም አገሩ ሰላም እንደሆነች፣ ቱሪስት ተዝናንቶ ገንዘቡን እንዲያፈስባት ማሳየት ይፈልጋል። ለዚህ የመኪና ውድድር ጥሩ መንገድ ሆኖ ታየው። ሃቫናን ከባሕሩ የሚያዋስነው ማሌኮን የሚባለው ሰፊ ጎዳና ተዘግቶ መወዳደሪያ ሆነ። በ1957 የመጀመሪያው ተካሄደ፤ ያሸነፈው ፋንጂዮ ነበር። በ1958 ለሁለተኛው ተመለሰ።

አማፂዎቹም ስሌታቸውን ሠሩ። ዓለም የሚያየው ፋንጂዮን ከሆነ፣ ፋንጂዮ ቢጠፋ ዓለም የሚያየው እነሱን ነው።

እገታ ስንል ዛሬ በአእምሯችን የሚመጣው ድብደባና የማስለቀቂያ ገንዘብ ነው። ይሄኛው ለየት ይላል። ገንዘብ አልጠየቁም። መኪና እየቀያየሩ ከቤት ቤት አዘዋወሩት፣ እራት አቀረቡለት፣ ይቅርታ ጠየቁት፣ ለምን እንደወሰዱት አስረዱት። ፋንጂዮ ተረጋግቶ በላ፣ ተኛ። ይህን ስንል ግን ድርጊቱን ማሳመራችን አይደለም፤ በሽጉጥ አፈሙዝ የተወሰደ ሰው ነው። መጨረሻውን ያኔ ማንም አያውቅም።

ባቲስታ ተናደደ። ፖሊስ ከተማውን አመሰው፤ ፋንጂዮ የለም። ውድድሩ ዘገየ፤ ግን እንዲሰረዝ አልተፈቀደም። ቢሰረዝ ሽንፈት ነው። በማሌኮን ግራና ቀኝ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰልፏል። መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው የቆሙት። ከሚከንፉት መኪኖች የሚለያቸው ነገር እምብዛም የለም። የፋንጂዮን ማዜራቲ ለፈረንሳዊው ሞሪስ ትሬንቲኛ ሰጡትና ውድድሩ ተጀመረ።

ጥቂት ዙር እንደተሄደ አስፋልቱ ላይ ዘይት ፈስሶ ነበር። አርማንዶ ጋርሲያ ሲፉዌንቴስ የሚባል ኩባዊ ሾፌር የሚነዳት ፌራሪ ተንሸራተተች። ቀጥታ ሕዝቡ ውስጥ ገባች። በትንሹ ስድስት ሰው ሞተ፤ ወደ 40 የሚጠጋ ቆሰለ። ውድድሩ ቆመ። እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ አሸናፊ ተባለ፤ ያን ቀን ግን አሸናፊ የሚባል ሰው አልነበረም።

ፋንጂዮ የአደጋውን ዜና የሰማው አጋቾቹ ቤት ሆኖ ነው።

ከዚያ ወዲህ እገታው ሕይወቱን አተረፈለት የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኛ ይህን እርግጠኛ ሆነን መናገር አንችልም፤ ዘይቱ ላይ የሄዱ ሌሎች ሾፌሮች በሕይወት ወጥተዋል። በእርግጠኝነት የምንለው አንድ ነገር አለ። የእገታው ታሪክ ሲወራ፣ ስለዚያ ምሽት ፊልም ሲሠራ፣ ስማቸው የማይነሳው ያን ቀን ለመዝናናት ከቤታቸው ወጥተው ያልተመለሱት ተመልካቾች ናቸው። መንገዱ የእነሱ መንገድ ነበር። በማግስቱ አውቶቡስ ሊሳፈሩበት ነበር። ባቲስታ ዝናውን ፈለገ፣ አማፂዎቹ ዜናውን ፈለጉ፤ ከሕዝቡ ፊት አጥር ማቆም ግን የማንም ሥራ አልሆነም።

እገታው 26 ሰዓት ያህል ቆየ። አጋቾቹ አሁን ሌላ ጭንቀት ያዛቸው። ሲለቁት ፖሊስ ደርሶ ተኩስ ቢከፈትና ፋንጂዮ ቢሞት፣ ጥፋቱ በእነሱ ላይ ሊለጠፍ ነው። ስለዚህ ለአርጀንቲና ኤምባሲ ሰዎች አስረከቡት። ፖሊስ ሲጠይቀው ፋንጂዮ አጋቾቹን ለይቶ አላጋለጠም። በደንብ እንደያዙት ተናገረና ወደ መንገዱ ሄደ። ከዚያ አሜሪካ ሲገባ ቴሌቪዥን ላይ አቀረቡት። አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ ያላስተዋወቀውን ሰው አንድ ሌሊት መታገቱ አስተዋወቀው።

ባቲስታ ዓመቱን እንኳ አልደፈነም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1959 ከአገሩ ሸሸ። የኩባ ውድድር በ1960 ለመጨረሻ ጊዜ ተካሄደ። ማሌኮን ላይ ግን አልነበረም፤ ወደ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ተወስዶ ነበር።

ፍሬን የያዘበት ቀን

ጁላይ 6 ቀን 1958፣ ፈረንሳይ ሬምስ። ከሃቫና በኋላ አራት ወር አልፏል። ፋንጂዮ አራተኛ ሆኖ እየነዳ ነው። መሪው ማይክ ሃውቶርን ከኋላ መጥቶ አንድ ዙር ሊደርበው ደረሰ። ያኔ ሃውቶርን ፍጥነቱን ቀነሰ። ሊያልፈው አልፈለገም። እንዲህ ያለ ሰው ሲደረብ መታየት የለበትም ብሎ ከኋላው ተከትሎት መስመሩን አለፈ። በሰው አገር፣ በሌላ ቡድን ሾፌር የተሰጠ እንዲህ ያለ አክብሮት ብዙ አላየንም።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ውድድር ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሙሶ ሞተ። ፋንጂዮ ከመኪናው ወረደና ጨረስኩ አለ። በፎርሙላ ዋን ዳግም አልተወዳደረም።

ልክ ነበር? እስቲ ተከታዮቹን ወራት እዩ። ኑርቡርግሪንግ ላይ ካለፋቸው ሁለቱ እንግሊዛውያን ፒተር ኮሊንስ ኦገስት 1958 እዚያው ኑርቡርግሪንግ ላይ ሞተ። ሃውቶርን የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ውድድር አቆመ፤ ጃንዋሪ 1959 ላይ ግን እንግሊዝ ውስጥ በተራ የመኪና አደጋ ሞተ። ዕድሜው 29 ነበር። ፋንጂዮ በእሱ የውድድር ዘመን የሞቱትን ባልደረቦቹን ሲቆጥር ከ30 በላይ ይደርሱ ነበር።

እሱ ግን ወደ አገሩ ተመለሰና አረጀ። መርሴዲስን በአርጀንቲና ወክሎ ሠራ። በ1981 በ70 ዓመቱ ለሥራ ኩባ ሄዶ ካገቱት ሰዎች ጋር ተገናኘ፣ ከካስትሮም ጋር ተጨባበጠ። በ1986 ባልካርሴ ውስጥ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። በአንድ ወቅት ገንዘብ አዋጥታ መኪና የገዛችለት ከተማ ዛሬ ቱሪስት የሚመጣላት በእሱ ምክንያት ነው።

ሁሉም ነገር ግን አላማረለትም። ፋንጂዮ በሕግ አላገባም፤ ልጅ ብሎ በሕግ ያስመዘገበውም አልነበረም። ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ አባታችን ነው ያሉ ሰዎች ፍርድ ቤት አቤት ብለው አስከሬኑ ወጣ። የዲኤንኤ ምርመራው እውነታቸውን መሰከረ። ሰዎቹ ያኔ ራሳቸው አዛውንት ነበሩ። ሞናኮ ላይ ከማያውቀው ሕዝብ መሃል የእያንዳንዱን ጭንቅላት አዟዟር ያስተዋለ ሰው፣ የገዛ ልጆቹ ስሙን ለማግኘት መቃብሩ እስኪከፈት ጠበቁ። ጀግና ስናነሳ ይህንንም አብረን ማንሳት አለብን ብለን እናምናለን።

ጁላይ 17 ቀን 1995 ቦነስ አይረስ ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ባልካርሴ ነው። በመኪና አይደለም የሞተው። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሾፌሮች መሃል ይህን መባል ያልቻሉ ብዙ ናቸው።

የከተማ ውድድር ዛሬም አለ። ሞናኮ አለ፣ ሲንጋፖር አለ፣ ባኩ አለ፣ ጂዳ አለ፣ ላስ ቬጋስ አለ። ስልካችሁ ላይ ስታዩ መኪኖቹ በኮንክሪት ግንብ መሃል ሲሾልኩ፣ ከግንቡ በላይ ረጅም የሽቦ አጥር ቆሞ፣ ሕዝቡ ከአጥሩ ጀርባ ተቀምጦ ታያላችሁ። አጥሩ እይታ ይከልላል ብሎ የሚያማርር አይጠፋም። ያ አጥር ግን በባዶ ሜዳ የመጣ ሐሳብ አይደለም። እንደ ማሌኮን ባሉ ጎዳናዎች፣ እንደ ሌ ማን ባሉ ቀናት የሞቱ ሰዎች ናቸው ያስተከሉት።

ቀጣይ የማንን ታሪክ እንድናመጣላችሁ ትፈልጋላችሁ? ጻፉልን። መኪና የምትነዱም፣ ደክሟችሁ ከሆነ ዛሬ አትንዱ። መልካም ጊዜ!